አንዲት እናትና ስለ ቀድሞው አምልኮ የተጻፉ መጻሕፍት

ለጥናት፦ የሐዋርያት ሥራ 17፥16-34፤ 19፥18-20

በአንድ የፕሮጀክት ቀበሌ ምንጭ አጎልብተን ስለ ንጹሕ ውሃ እናስተምር ነበር። ሕፃን ልጇ በተቅማጥ የሞተባት አንዲት እናት ሰው ከተበተነ በኋላ ቀርታ ጠየቀችን። «ስለ ተሕዋሲው ያላችሁትን ሰምቻለሁ። የጎረቤቴም ልጆች ግን ያንኑ ውሃ ነው የጠጡት። የእኔው ለምን ሞተ?» እኛም ስለ ተሕዋሲ እንደ ገና አስረዳናት። በዚያው ሳምንት ወደ ቃልቻ ሄደች። ሽማግሌዎችም ይህን ሲሰሙ ከጌታ እራት አገዷት።

መጻሕፍት ማገላበጥ የጀመርነው ከዚህ በኋላ ነው። በመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ስለ ባዕድ አምልኮ የተማርነው «ራቁ» የሚል ነበር። ትክክል ነው፤ ግን ለዚህች እናት አልበቃም።

አስቀድመን ያነበብነው ኬንያዊው ጆን ምቢቲ እ.ኤ.አ. በ1969 ስለ አፍሪካ ሃይማኖቶችና ፍልስፍና ያሳተሙትን መጽሐፍ ነው። ምቢቲ የአፍሪካ ሰው ሃይማኖቱን ወደ እርሻውም ወደ ልቅሶውም ይዞ እንደሚሄድ ያሳያሉ። በተከታዩ ዓመት ባወጡት መጽሐፍም ወደ 300 የሚጠጉ ሕዝቦች ስለ ፈጣሪ ያላቸውን አሳብ ሰብስበዋል። ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ኦነሲሞስ ነሲብ በአስቴር ጋኖ ረዳትነት ተርጉመው እ.ኤ.አ. በ1899 የታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ እግዚአብሔርን የሚጠራው ሕዝቡ ቀድሞ በሚያውቀው ስም፣ ዋቃዮ ብሎ ነው። (ምቢቲ አፍሪካዊ ስለ ሩቁ ጊዜ እምብዛም አያስብም ማለታቸውን ግን አልተቀበልነውም። ልጁ ለልጅ ልጁ የሚያወርሰውን ባሕር ዛፍ የሚተክል ገበሬ እናውቃለንና።)

ናይጄሪያዊው ባያንግ ካቶ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተሙት መጽሐፍ ምቢቲን አጥብቀው ተቃወሙ። የቀድሞውን ሃይማኖት ማክበር የክርስቶስን ብቸኛ አዳኝነት እስከ ማደብዘዝ ይደርሳል ብለው ፈሩ። በዚያው ዓመት ገና በአርባ ዓመታቸው አፋፍ ሳሉ አረፉ፤ ማስጠንቀቂያቸው ግን ዛሬም ይነበባል። ፍርሃታቸው ከንቱ እንዳልሆነ በዚያች እናት ቤት አይተናል።

ለእኛ ግን ልባችንን የነካው በህንድ ያገለገሉት ፖል ሂበርት እ.ኤ.አ. በ1982 የጻፉት አጭር ጽሑፍ ነው። በምዕራባውያን ትምህርት ያደግን ሰዎች፣ ይላሉ፣ ላይኛውን ለእግዚአብሔር፣ ታችኛውን ለሳይንስ ሰጥተን መካከሉን ባዶ እንተወዋለን። ሰው ግን የሚኖረው በመካከሉ ነው። ማን ረገመኝ? ለምን በእኔ ቤት? ነገስ ምን ይመጣብኛል? እኛ በቀን የጤና ትምህርት፣ በእሑድ የዘላለም ሕይወት ሰበክን፤ የእናቲቱ ጥያቄ በሁለቱ መካከል ወደቀ። ቃልቻው አነሣው።

ጳውሎስ በአቴና ከመናገሩ በፊት ከተማውን ዞሮ የሚያመልኩትን ተመለከተ፤ ከመሠዊያቸውም ተነሥቶ ወደ ንስሐና ወደ ትንሣኤ አደረሳቸው። በኤፌሶን ደግሞ የአስማት መጻሕፍታቸው በሰው ሁሉ ፊት ተቃጠሉ፤ ዋጋቸው ሲሰላ አምሳ ሺህ ብር ሆነ። ያቃጠሉት ግን ባለቤቶቹ ራሳቸው ናቸው። አምነው፣ ተናዝዘው፣ በገዛ እጃቸው አመጡ እንጂ ሽማግሌ ቤታቸው ገብቶ አልነጠቃቸውም።

ከሁለት እህቶች ጋር ወደ ቤቷ ሄድን። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ኋላም፣ «እሱ እኮ ተቀምጦ ሰማኝ» አለችን። መልስ አልነበረንም። ቀጥላ ግን ቃልቻው ጥቁር በግ እንዳስገባት፣ በየዓመቱም ግብር ካላመጣች የቀረችውን ልጇን እንደምታጣ እንደ ነገራት አጫወተችን። ይህን ስትናገር ልጅቱን ከጉያዋ አላራቀችም። የሰማት ሰው በፍርሃት አስሯት ነበር። ምቢቲን ብቻ ይዘን ብንሄድ ይህን እስራት ባላየነው፤ ካቶን ብቻ ይዘን ብንሄድ ደግሞ ለመስማት ባልተቀመጥን።

ይህን ክፍል በጉባኤያችሁና በሠራተኞች የጥናት ሰዓት ስታነቡ ስለዚህች እናት ተነጋገሩ። በእናንተ መንደር ልጅ የሞተበት ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ወደ ማን ይሄዳል? እገዳዋን ከማንሣታቸው በፊት ሽማግሌዎቹ ምን ሊጠይቋት፣ ምንስ ሊጠይቁ ራሳቸውን ይገባቸዋል? የግብሩ ቀን በመስከረም ይደርሳል። ላለመሄድ ወስናለች፤ ያን ሌሊት ግን ብቻዋን ከልጅቱ ጋር ማደር እንደምትፈራ ነግራናለች። ከእህቶች ሁለቱ አብረዋት ሊያድሩ ተስማምተዋል፤ ከሽማግሌዎች እስካሁን «እኔም አለሁ» ያለ አንድ ነው።