የደማችን ምስክር ምን ይላል?

በኤች አይ ቪ የተያዘ ሰው ደሙ ሲመረመር የሚታየው ምን እንደ ሆነ ባለማወቅ «ድኛለሁ» ብለው መድኃኒት የሚያቋርጡ፥ «አበቃልኝ» ብለውም ተስፋ የሚቆርጡ አሉ። ስለዚህ ነገሩን አጣርተን መማር ይገባናል።

ሰውነታችን እንግዳ ተሐዋሲ ሲገባበት የሚዋጋለትን ፀረ አካል፥ በሕክምና ቋንቋ አንቲቦዲ የሚባለውን፥ ያዘጋጃል። የኤች አይ ቪ ቫይረስ በ1983 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ አገር በፓስተር ተቋም ከተገኘ በኋላ፥ በ1985 እ.ኤ.አ. ይህን ፀረ አካል የሚለይ የደም ምርመራ ሥራ ላይ ዋለ። ፀረ አካሉ ብዙውን ጊዜ ከ3 ሳምንት እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ይታያል። መታየቱም ቫይረሱ መግባቱን ይመሰክራል እንጂ በሽታው የት እንደ ደረሰ አይናገርም።

ታዲያ ስለ በሽታው አካሄድ ምንም አይነግረንምን? በ1980ዎቹ ሊቃውንት ይህንኑ መረመሩ። ቫይረሱ ልዩ ልዩ ክፍሎች ስላሉት ሰውነት ለየክፍሉ ፀረ አካል ይሠራል። የውጭ ሽፋኑን የሚቃወመው በሽታው ሲጠናም አይጠፋም። ፒ24 የተባለውን የውስጥ ፕሮቲን የሚቃወመው ግን በብዙ ሕመምተኞች ዘንድ በሽታው ሲብስ እየቀነሰ ሲሄድ ታየ። ልብ እንበል፤ የቀነሰው ጠላት ስለ ጠፋ አይደለም። ፕሮቲኑ በዝቶ ፀረ አካሉን ስለሚይዘው፥ ፀረ አካል እንዲሠራ የሚረዱት ነጭ የደም ሕዋሳትም ስለሚያልቁ ነው። ዘበኛው ዝም ቢል ሌባው ሄዷል ማለት አይደለምና።

ዛሬ ሐኪሞች የበሽታውን አካሄድ የሚያውቁት እነዚህን ረዳት ሕዋሳት፥ ማለትም ሲዲ ፎርን፥ በመቍጠርና በደም ውስጥ ያለውን የቫይረስ መጠን በመለካት ነው። በጤነኛ ሰው በአንድ ሚሊ ሜትር ኩብ ደም ከ500 እስከ 1500 የሚሆነው ሲዲ ፎር ከ200 ካነሰ አደጋው ከባድ ነው። መድኃኒቱን ሳያቋርጥ የሚወስድ ሰው ግን የቫይረሱ መጠን በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ሊወርድለት ይችላል። እንዲህ ሆኖ ከቆየ ለትዳር ጓደኛው አያስተላልፍም፤ ሠርቶም ልጆቹን ያሳድጋል። ሆኖም ቫይረሱ በሰውነት ውስጥ ተደብቆ ስለሚኖር መድኃኒቱ ሲቋረጥ ተመልሶ ይበዛል።

በአገራችን መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት የጀመረው በ2005 እ.ኤ.አ. ነው። ጠበል ሲገቡ መድኃኒቱን የሚተዉ ምእመናን ስለ ነበሩ፥ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ2007 እ.ኤ.አ. ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብሮ መውሰድ እንደሚገባ በይፋ አስተማሩ። ወንጌላዊው ቅዱስ ሉቃስም ሐኪም እንደ ነበረ አንርሳ።

እንግዲህ እኛ ወጣቶች የታመመውን ሳንሸሽ እንጠይቀው፤ ወደ ጠበሉም ስንሸኘው መድኃኒቱን መያዙን እናስታውሰው።