የሰው ሥራ ስንወስድ ስሙን አብረን እንውሰድ

በግራናና በመርሳ አካባቢ የሚያርስ ገበሬ ማሽላ ሲዘራ «ማሽላ ዘራሁ» ብሎ ብቻ አያልፍም። ጅጉርቲ ነው ወይስ ሌላ? ከማን ጎተራ ተወሰደ? ተብሎ ይጠየቃል፤ እሱም ይመልሳል። ከስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ከወጡት የተሻሻሉ የማሽላ ዝርያዎች አንዱ «ግራና-1» ሲሆን የዚህችኑ የግራናን ስም ይዞ ይዞራል። አቀንጭራን የሚቋቋመው «ጎብዬ» ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ ከባልደረቦቻቸው ጋር በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ካወጧቸው ዘሮች የመጣ ነው። እዚያ ሳለ መለያው ፒ-9401 ነበር። እዚህ አዲስ ስም ሲወጣለት የዱሮው መለያ ከመዝገብ አልተፋቀም። ስለዚህ ዘሩ እክል ቢያሳይ ከየት እንደመጣ ተከታትሎ መጠየቅ ይቻላል።

ዛሬ በዚህ ዓምድ የምናነሣው ግን የእህል ዘር ሳይሆን የሶፍትዌር ነገር ነው። ቢሆንም ጥያቄው ያው ነው። የሰው ሥራ ወስደን ስንጠቀም፣ ስንለውጥና ለሌላ ስናድል የመጀመሪያውን ሠሪ ስም ምን እናደርገዋለን? ለለወጥነውስ ሥራ ምን ስም እናውጣለት?

1ኛ/ ነፃ ማለት ባለቤት የለሽ ማለት ነውን?

ኦፕን ሶርስ የሚባለው ሶፍትዌር የተሠራበት ኮድ ለማንም ክፍት የሆነ ነው። መውሰድ፣ ማባዛት፣ መለወጥ፣ ማደል ይፈቀዳል። ከዚህም የተነሣ ብዙዎቻችን «በነፃ የተሰጠ ስለሆነ እንደፈለግን ብናደርገው ምን አለበት?» እንላለን። ነገር ግን እያንዳንዱ ሥራ የፈቃድ ጽሑፍ አለው። ለምሳሌ ያህል አጭሩ የኤም.አይ.ቲ. ፈቃድ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም የሠሪው ስም ያለበት የባለመብትነት መግለጫና የፈቃዱ ቃል ከእያንዳንዱ ቅጂ ጋር አብሮ እንዲሄድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው ሁለተኛው ጂ.ፒ.ኤል. ደግሞ የተለወጠው ፋይል መለወጡንና የተለወጠበትን ቀን በግልጽ እንዲናገር ያዝዛል። ገንዘብ የጠየቀን የለም። የተጠየቅነው ስም እንዳንፍቅ ነው።

2ኛ/ እኛ የሠራነው ጥፋት

ይህን የምንጽፈው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም። የክበባችን አባላት ለማስተማር ልምምድ ስንወጣ ሮስተር የሚሠራ አንድ ትንሽ ፕሮግራም ይዘን ሄድን። ፕሮግራሙን የጻፉት በሌላ ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ አንድ መምህር ሲሆኑ ክፍት አድርገው ለሁሉም ሰጥተውታል። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ስማቸው፣ የእትሙ ቁጥርና «ስሕተት ስታገኙ ንገሩኝ» የሚል ቃል ነበረበት። እኛ ምን አደረግን? ቀለሙን ቀየርን፣ ሁለት ሳጥን ጨመርን፣ የመጀመሪያውን ገጽ አጥፍተን የክበባችንን ስም በትልቁ ጻፍንበት። ደስም አለን። ተመሰገንንም።

የሴሚስተሩ ውጤት ተሠርቶ ደረጃው ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። አንዲት ተማሪ በሕመም ምክንያት በፈቃድ ከአራቱ ፈተናዎች አንዱን አልወሰደችም ነበር። በሦስቱ 72፣ 68 እና 76 አግኝታለች። ድምሩ 216 ነው፤ ለ3 ሲካፈል 72 ይሆናል። ፕሮግራሙ ግን ባዶውን ሳጥን እንደ ዜሮ ቆጥሮ ለ4 አካፈለውና 54 ሰጣት። ልጅቱ ወረቀቱን አይታ ዝም ብላ ወጣች። ነገሩን ያወቁት የክፍል ኃላፊዋ ናቸው፤ ጠርጥረው በእጃቸው ደመሩት።

«ይህን የሠራችሁት እናንተ አይደላችሁም እንዴ? ለምን እንዲህ ሆነ?» ብለው ሲጠይቁን መልስ አጣን። የሠራነው እኛ አይደለንማ! በስንት ፍለጋ የቀድሞው ቅጂ ከአንዱ ጓደኛችን ፍላሽ ላይ ተገኘና መምህሩ ዘንድ ደወልን።

«ጋሼ፣ ባዶውን ሳጥን ዜሮ ያደርገዋል» አልናቸው።

«ውይ ልጆቼ! ይቺን እኮ ባለፈው ሴሚስተር አርሜያታለሁ። ለሚያውቁኝ ሁሉ ልኬያለሁ። እናንተ ጋ መኖሩን በምን ልወቅ?» አሉን።

ትምህርቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ስማቸውን ስንፍቅ ምስጋናቸውን ብቻ የወሰድን መስሎን ነበር፤ እርማቱ የሚመጣበትንም መንገድ ዘጋን። ዋጋውን የከፈልነው ግን እኛ አይደለንም፤ የታመመችው ልጅ ናት። የተለጠፈው ወረቀት ወረደ፣ ደረጃው እንደገና ተሠራ፣ የልጅቱም ካርድ ታረመ። መምህሩን ይቅርታ ጠይቀናል። ስማቸውን በዚህ ግድግዳ ላይ ያልጻፍነውም «እኔስ ፋይሉ ውስጥ ይበቃኛል» ስላሉን ነው። አሁን ተመልሶ ፋይሉ ውስጥ ይገኛል።

3ኛ/ ደግ ምሳሌዎች ከፊደላችን

የእኛው ፊደል በኮምፒዩተር የተጓዘበትን መንገድ ብንመለከት ስምን መጠበቅ ምን እንደሚመስል እናያለን።

ሀ/ የግዕዝን ፊደል በላቲን ፊደል ለመጻፍ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተዘጋጀ «ሴራ» የሚባል ሥርዓት አለ። ስሙ ከእንግሊዝኛው መጠሪያ የመጀመሪያ ፊደላት የተውጣጣ ነው እንጂ ከተንኮል ጋር ዝምድና የለውም። ኢማክስ ለተባለው የጽሑፍ ፕሮግራም የኢትዮጵያን ፊደል የሚያስተናግደውን ክፍል የጻፉት ጃፓናዊው ታካሃሺ ናኦቶ ሲሆኑ ሴራን ሲያስገቡ የራሳቸውን ስም አልለጠፉበትም። ትእዛዞቹ ዛሬም «ሴራ» የሚለውን ቃል ይዘዋል።

ለ/ ዴቢያን በተባለው የኮምፒዩተር ሥርዓት ውስጥ የፎንት ፓኬጆች ስም ደንብ አለው። መጀመሪያ «ፎንትስ»፣ ቀጥሎ የሠሪው ድርጅት፣ ከዚያ የፎንቱ ስም ይመጣል። ስለሆነም «ፎንትስ-ሲል-አቢሲኒካ» እና «ፎንትስ-ሰናምርምር-ዋሽራ» የሚባሉ ፓኬጆች እናገኛለን። ማን ሠራው ብሎ ለሚጠይቅ መልሱ ስሙ ውስጥ ነው።

ሐ/ ከሰናምርምር ፎንቶች ሁለቱ የፊደል ቅርፅ ባለሙያውን የይገዙ ብስራትን ስም ይዘዋል። ኮምፒዩተር ላይ የሠራው ሌላ ቢሆንም በብዕር የሠራው አልተረሳም ማለት ነው።

4ኛ/ ስም ስናወጣ ፍትሕ አለ

ስም መጠበቅ ማለት ሁልጊዜ የዱሮውን ስም መያዝ ማለት አይደለም። አንዳንዴ ፍትሕ የሚሆነው ስም መለወጥ ነው። አቢሲኒካ የተሰጠበት የክፍት ፎንት ፈቃድ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣው 1.1 እትሙ፣ ሠሪው የፎንቱን ስም «የተጠበቀ» ብሎ እንዲያስታውቅ ያስችለዋል። ያን ፎንት የለወጠ ሰው ሲያድለው አዲስ ስም ማውጣት አለበት፤ የመጀመሪያውን ሠሪ የባለመብትነት መግለጫ ግን አያጠፋም። ምክንያቱም እኛ «ቐ»ን አበላሽተን በዚያው ስም ብናሰራጨው የሚወቀሰው ያልበደለው ሰው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2006 ዴቢያንና የፋየርፎክስ ባለቤት ሞዚላ በዚሁ ነገር ተከራክረው ነበር። ሞዚላ «የለወጣችሁትን በእኔ ስም አትጥሩት» ሲል ዴቢያን ደግሞ የመለወጥ መብቱን አልለቅም አለ። መፍትሔውም ፕሮግራሙን «አይስዊዝል» ብሎ መጥራት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2016 ተስማምተው ወደ ፋየርፎክስ ተመለሱ። ተከራከሩ እንጂ አልተሰራረቁም።

የተንኮል ስም ደግሞ አለ። «ክሮስ-ኢንቭ» የሚባል በብዙዎች የሚሠራበት ፓኬጅ አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 ጭረቷን ብቻ ያስቀረ «ክሮስኢንቭ» የተባለ አስመሳይ ፓኬጅ ተገኘ። ተሳስቶ የጫነው ሰው ኮምፒዩተሩ ላይ የተቀመጡ የምሥጢር ቁልፎችን ሳያውቅ ለሌባ ይልክ ነበር። ከታወቀ ሥራ ጋር የሚያምታታ ስም ማውጣት፣ በቅንነት እንኳ ቢሆን፣ አንባቢን ማሳት መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

5ኛ/ እንግዲህ ምን እናድርግ?

ነገ በየትምህርት ቤቱ ተበትነን ፎንት፣ ሮስተር፣ የመለማመጃ ፕሮግራም ከእጅ ወደ እጅ የምናስተላልፈው እኛው ነን። ስለዚህ፦

ሀ/ የፈቃዱን ፋይልና የሠሪውን ስም ከቅጂው አንለይ።
ለ/ የለወጥነውን፣ የለወጥንበትን ቀንና የለወጠውን ሰው እንጻፍ። «በእገሌ የተሠራውን 2ኛ እትም መነሻ በማድረግ፣ ሁለት ሳጥን በመጨመር በክበባችን የተዘጋጀ» ብንል ይበቃል።
ሐ/ ብዙ ከለወጥነው የማያምታታ አዲስ ስም እናውጣለት፤ ከምን እንደተነሣም አብረን እንግለጽ።
መ/ ሠሪው ሳያየው «እገሌ ያጸደቀው» አንበል።
ሠ/ ስሕተት ስናገኝ ለራሳችን ብቻ አርመን አንተው፤ ለመጀመሪያው ሠሪ እንንገር።

ተማሪ የጓደኛውን የቤት ሥራ ገልብጦ ስሙን ቢጽፍበት ዜሮ እንሰጠዋለን። ታዲያ መምህሩ ያንኑ ሲያደርግ ምን ይባላል?

ለመወያያ፦
1. ዛሬ የምትጠቀሙበት የአማርኛ ፎንት ወይም ኪቦርድ ስሙ ማን ነው? ማን ሠራው? ፈቃዱስ ምን ይላል?
2. በእጃችሁ ካሉት የትምህርት መሣሪያዎች ውስጥ የሠሪው ስም የተፋቀበት አለን? መልሳችሁ ለመጻፍ ከየት ትጀምራላችሁ?