«የስዋን ሐይቅ» እንዴት ነው የሚያልቀው?

ጥያቄ፦ ባሌቱን በሁለት ቪዲዮ አየሁት። በአንዱ ፍቅረኞቹ ይሞታሉ፤ በሌላው ጠንቋዩን ድል ነሥተው ይኖራሉ። የመጀመሪያው የትኛው ነው?

መልስ፦ ሞቱ ነው። በ1877 እ.ኤ.አ. በሞስኮው ቦልሾይ ቴአትር ሲቀርብ ፍቅረኞቹ ኦዴትና ልዑል ዚግፍሪድ ሐይቁ ውስጥ ሲሰጥሙ ነበር የሚያበቃው። የሙዚቃው ደራሲ ቻይኮቭስኪ ካረፈ በኋላ የዳንስ አዘጋጆቹ ፔቲፓና ኢቫኖቭ በ1895 እንደገና ሲያዘጋጁትም ሁለቱ ይሞታሉ። የድሉ ፍጻሜ የተስፋፋው በሶቪየት ዘመን ነው።

ሙዚቃውን ልብ ብለው ያድምጡ። መጀመሪያ ኦቦ ለብቻው በሐዘን የሚያዜመው የስዋኖቹ ዜማ በመጨረሻው ትዕይንት በመላው ኦርኬስትራ ጉልበት ተመልሶ ይመጣል፤ ከማይነር ወደ ሜጀርም ይሻገራል። ድል ፈላጊ አዘጋጆች የሚይዙት ይህንን ብርሃን ነው። ለእኔ ግን ከሞት ወዲያ ያለ ብርሃን ነው፤ ልዑሉ ኦዴትን መስላ ለቀረበችው ለኦዲል የማለው የፍቅር መሐላ ያለ ዋጋ ከቀረ ታሪኩ ክብደቱን ያጣል።