የፕሮቲን እጥፋት፦ ከእንቁላል እስከ ኢንሱሊን

የተቀቀለ እንቁላል ቢቀዘቅዝ ተመልሶ ጥሬ አይሆንም። በነጩ ክፍል የሚገኙት ፕሮቲኖች በሙቀት ምክንያት ቅርጻቸውን አጥተው እርስ በርሳቸው ስለሚጣበቁ ይረጋሉ። ይሁን እንጂ የአሚኖ አሲድ ሰንሰለታቸው አልተበጠሰም፤ የጠፋው እጥፋታቸው ነው። ለመሆኑ አንድ ፕሮቲን እንዴት መታጠፍ እንዳለበት የሚወስነው ምንድን ነው?

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሰጡት አሜሪካዊው የባዮኬሚስትሪ ተመራማሪ ክርስቲያን አንፊንሰን ናቸው። ሪቦኑክሊየዝ የተባለው ኤንዛይም 124 አሚኖ አሲዶች አሉት። ከእነዚህም ውስጥ 8ቱ ሲስቲኖች ጥንድ ጥንድ ሆነው 4 የሰልፈር ድልድዮችን ይሠራሉ። አንፊንሰን ኤንዛይሙን በዩሪያና ድልድዮቹን በሚፈታ ኬሚካል ሲዘረጉት ሥራውን አቆመ። ኬሚካሎቹ ተወግደው አየር ሲያገኝ ግን በራሱ ታጥፎ ሥራውን ቀጠለ። 8ቱ ሲስቲኖች በ105 ልዩ ልዩ መንገዶች ሊጣመሩ ሲችሉ፣ ትክክለኛውን አንድ መንገድ አገኙ። ስለዚህ የፕሮቲኑን ቅርጽ የሚወስነው የአሚኖ አሲዶቹ ቅደም ተከተል ነው ማለት ነው። አንፊንሰን በዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ1972 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነዋል።

የታጠፈ ፕሮቲን ጽናት ግን አነስተኛ ነው። እጥፋቱን የሚደግፉት በርካታ ደካማ ኃይሎች ሰንሰለቱ ለመዘርጋት ካለው ዝንባሌ የሚበልጡት በጥቂቱ ብቻ ነው። በመሆኑም የአንድ አሚኖ አሲድ መለወጥ ፕሮቲኑን ሊያፈርሰው ወይም ሊያጸናው ይችላል። የፕሮቲን ምሕንድስና መነሻም ይኸው ነው።

ኢንሱሊንን እንመልከት። በ2 ሰንሰለቶች የተደራጁ 51 አሚኖ አሲዶች አሉት። በመድኃኒት ጠርሙስ ውስጥ ስድስት ስድስት ሞለኪውሎች በዚንክ ዙሪያ ይሰባሰባሉ። ይህ ጽናት ቢሰጣቸውም፣ ከቆዳ ሥር ከተወጉ በኋላ ተበታትነው ወደ ደም እስኪገቡ ጊዜ ይወስዳል። በዚህም የተነሣ ሕመምተኛው መደበኛውን ኢንሱሊን ከምግብ 30 ደቂቃ ያህል በፊት መወጋት ነበረበት። ተመራማሪዎች በሁለተኛው ሰንሰለት 28ኛና 29ኛ ቦታ ላይ ያሉትን ፕሮሊንና ላይሲን አቀያየሩ። እ.ኤ.አ. በ1996 በአሜሪካ የተፈቀደው ይህ ኢንሱሊን ሊስፕሮ ፈጥኖ ስለሚበታተን ምግብ ሊቀርብ ሲል ሊወሰድ ይችላል።

ያም ሆኖ ኢንሱሊን ሙቀትን የሚፈራ ፕሮቲን እንደሆነ ቀርቷል። በሙቀት ተበላሽቶ የተጣበቀ ኢንሱሊን፣ ልክ እንደ ተቀቀለው እንቁላል፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ በመመለስ አይድንም። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቀበሌ ለሚኖር የስኳር ሕመምተኛ የፕሮቲን ጽናት ጥናት የሕይወት ጉዳይ የሚሆነው ለዚህ ነው።