ባዶው ምስማር፤ ስለ ትንንሽ ቤቶች ሥራ የቀረበ ጥናት



በልጅነቱ ዕቃ ዕቃ ያልተጫወተ ከመካከላችን ማን አለ? ጠፍጣፋው ድንጋይ ምጣድ፣ ጭቃው ወጥ፣ ቅጠሉ እንጀራ፣ የጨርቅ አሻንጉሊቷ ደግሞ ልጅ ሆና በአጥር ጥግ ቤት ሠርተናል፤ እናቶቻችን ሲያደርጉ ያየነውንም ሁሉ በትንሹ አድርገነዋል። ካደግን በኋላ ግን «የልጅ ነገር» ብለን ተውነው። በሌላው ዓለም ይህንኑ ጨዋታ ሳይተዉ አብረውት ያደጉ ሰዎች አሉ። እነዚህ ሰዎች የአንድን ክፍል አምሳያ እጅግ አሳንሰው ይሠራሉ፤ ወንበሩን፣ መጋረጃውን፣ ድስቱን፣ ማንኪያውን ሳይቀር በልኩ ያሟላሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ የእጅ ሥራ ምን እንደ ሆነ፣ እንዴት እንደሚሠራና ሠሪውን ምን እንደሚያስተምረው ማሳየት ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሀ. አጭር ታሪክ

ስሙ የአሻንጉሊት ቤት ይባል እንጂ ነገሩ የተጀመረው ለልጆች መጫወቻ ተብሎ አይደለም። በ17ኛው መቶ ዘመን በሆላንድ የነበሩ ባለጸጎች ወይዛዝርት በቁም ሣጥን ውስጥ ትንንሽ ክፍሎች እያሠሩ ለእንግዳ ያሳዩ ነበር። ከእነዚህ አንዷ ፔትሮኔላ ኦርትማን ከ1686 እስከ 1710 ገደማ ያሠሩት ቤት ዛሬም በአምስተርዳም በራይክስ ሙዚየም ይታያል። ትንንሾቹን ሳህኖች ያስመጡት ከቻይና ድረስ አዝዘው ነው።

ከሁሉ ይልቅ የታወቀው ግን ከ1921 እስከ 1924 ለእንግሊዝ ንግሥት ለሜሪ የተሠራው ቤት ነው። ንድፉን ያወጣው ኤድዊን ላችንስ የተባለው የሥነ ሕንፃ ባለሙያ ሲሆን፣ ከ1,500 የሚበልጡ ሠዓሊዎች፣ ደራስያንና የእጅ ባለሙያዎች ተባብረውበታል። ቧንቧው ውሃ ያወርዳል፤ መብራቱ ይበራል፤ አሳንሰሩ ይወጣል፣ ይወርዳል። በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ደራስያን በገዛ እጃቸው የጻፉባቸው ትንንሽ መጻሕፍት ተደርድረዋል፤ ከጸሐፊዎቹም አንዱ የሸርሎክ ሆምስ ደራሲ አርተር ኮናን ዶይል ነበር። ቤቱ በዌምብሌይ ለሕዝብ በታየ ጊዜ ከ1.6 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ጐብኝተውታል። አሁን የሚገኘው በዊንድዘር ቤተ መንግሥት ነው።

በአሜሪካም ወይዘሮ ናርሲሳ ቶርን ከ1932 እስከ 1940፣ ሥራ በጠፋበት በዚያ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን፣ ብልህ የእጅ ባለሙያዎችን ቀጥረው ብዙ ክፍሎች አሠርተዋል። 68ቱ በቺካጎ የሥነ ጥበብ ተቋም ይገኛሉ። በእነዚህ ክፍሎች ሰው የለም። ብርሃን በመስኮት ይገባል፤ ከመስኮቱ ባሻገር አትክልቱ ይታያል። የሚመለከተው ሰው ባለቤቱ አሁን ወጥቶ አሁን የሚመለስ ይመስለዋል።

ለ. ስለ ልክ

የዚህ ሥራ መጀመሪያው ሕግ ልክ ነው። አብዛኞቹ ሠሪዎች የሚከተሉት አንድ ለዐሥራ ሁለት የሚባለውን ልክ ነው፤ ይኸውም እውነተኛው ዕቃ 12 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ትንሹ 1 ሴንቲ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። ልኩ የመጣው ከእንግሊዞች መለኪያ ነው፤ አንድ ጫማ 12 ኢንች ስለሆነ፣ እያንዳንዱን ጫማ ወደ አንድ ኢንች መመለስ ቀሏቸዋል። በዚህ ልክ ቁመቱ 1 ሜትር ከ68 የሆነ ሰው 14 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ 3 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ ክፍልም 25 በ33 ሴንቲ ሜትር ይሆንና ከአንድ ካርቶን ውስጥ ይገባል።

ልብ በሉ፤ ክፍሉን እውነት የሚያስመስለው የዕቃው ማማር አይደለም። እጅግ ያማረ ወንበር ከጠረጴዛው ልክ ወጥቶ ሲገኝ ዓይን ወዲያው ያውቅበታል፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ክፍሉ ሁሉ መጫወቻ ሆኖ ይታያል። ልኩን የጠበቀ ተራ ዱካ ግን ይታመናል።

ሐ. እውነትን ለመፈለግ የተሠሩ ክፍሎች

ይህ ሥራ ከጌጥ አልፎ ለከባድ ጉዳይ እንደሚውል ያሳዩት ወይዘሮ ፍራንሲስ ግሌስነር ሊ ናቸው። በ1878 በቺካጎ ከባለጸጋ ቤተሰብ ተወለዱ። ወንድማቸው ሃርቫርድ ሲገባ እርሳቸው ኮሌጅ አልገቡም፤ በቤት የእጅ ሥራ ተማሩ። በ1913 የቺካጎን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ከ90 ሙዚቀኞቹ ጋር አሳንሰው ሠርተው ለእናታቸው በስጦታ አበረከቱ።

ወይዘሮዋ የአስከሬን መርማሪ ከነበሩ አንድ ሐኪም ወዳጃቸው አንድ የሚያሳዝን ነገር ሰምተው ነበር። ሰው በድንገት ሞቶ ሲገኝ፣ ያልሠለጠኑ ፖሊሶች ክፍሉን ረግጠው፣ ዕቃውን አንሥተው፣ ማስረጃውን ያጠፉት ነበር። በዚህም ምክንያት ገዳይ ያመልጣል፤ ንጹሕ ሰው ይታሰራል። ስለዚህ በ1931 በሃርቫርድ የሕግ ሕክምና ትምህርት ክፍል እንዲቋቋም በገንዘብ ረዱ፤ በ1940ዎቹም ለማስተማሪያ የሚሆኑ ትንንሽ ክፍሎችን ከአናጢ ጋር ሆነው ሠሩ። እያንዳንዱ ክፍል ከእውነተኛ ጉዳዮች የተነሣ ሲሆን አንድ ሰው ሞቶ የተገኘበትን ስፍራ ያሳያል።

ሥራቸው ቀልድ አልነበረም። የአሻንጉሊቶቹን ካልሲ በስፒል ሹራብ ሠርተውታል። ለሠልጣኙ የሚሰጠው ጊዜ 90 ደቂቃ ነው፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ምንም ሳይነካ በእጅ ባትሪና በማጉያ መነጽር ብቻ መመልከት አለበት። የግድግዳው ቀን መቁጠሪያ፣ የመጋረጃው አጣጣል፣ የወንበሩ አወዳደቅ ሁሉ ምስክር ሊሆን ይችላል።

እኔን ከሁሉ ይበልጥ የነካኝ ግን የክፍሎቹ ባለቤቶች ማንነት ነው። አብዛኞቹ ንጉሥ ወይም ባለጸጋ አይደሉም፤ በዝቅተኛ ኑሮ የነበሩ ሰዎች ናቸው። የእነዚህ ሰዎች ሞት በችኮላ የሚታለፍ ነበር። ወይዘሮዋ ግን የቆሸሸ ግድግዳቸውን፣ ያረጀ ምንጣፋቸውን ለንግሥት ሜሪ ቤት በተደረገው ትጋት አስመስለው ሠሩ። በ1962 ካረፉ በኋላም 18ቱ ክፍሎች በባልቲሞር በዋናው የአስከሬን ምርመራ ጽሕፈት ቤት ሆነው ማስተማራቸውን ቀጥለዋል።

መ. እኔ የሠራኋት ክፍል

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ። አያቴ ከ40 ዓመት በላይ የኖሩባት ባለ አንድ ክፍል የጭቃ ቤት ልትፈርስ ሆነና፣ እርሳቸው ወደ አጎቴ ኮንዶሚኒየም የሚዛወሩበት ቀን ተቆረጠ። እኔም ቤቷን አሳንሼ ልሠራላቸው አሰብሁ። በሁለት ሌሊት ከሐሳቤ እያመነጨሁ ጨረስሁት። ቀይ ሶፋ ሠራሁ፤ ግድግዳውን ባማረ ወረቀት ለበጥሁ፤ መሶቡን 8 ሴንቲ ሜትር አቆምሁት። በኋላ ባሰላው ያ መሶብ በእውነተኛው ቤት ወደ አንድ ሜትር ሊጠጋ ነው!

አያቴ መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩት። ከዚያም፦

«በጣም ያምራል ልጄ። የማን ቤት ነው?» አሉኝ።

አፈርሁ። በዚያች ክፍል በልጅነቴ አድሬባታለሁ፤ ቡናም ጠጥቼባታለሁ። ይሁን እንጂ መስኮቷ ወደ ውስጥ ትከፈት ወይም ወደ ውጭ አላውቅም። የዱካው ቁመት ስንት እንደ ሆነ፣ ምርኩዛቸውን በአልጋው በየትኛው በኩል እንደሚያኖሩ አላውቅም። ስገባና ስወጣ ኖሬአለሁ፤ አይቼ ግን አላውቅም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሜትርና ደብተር ይዤ ሄድሁ። ግድግዳውን ስለካ ሲያዩኝ «ምነው ልጄ፣ ቤቴን ልትሸጠው ነው እንዴ?» ብለው ሳቁ። ከዚያም እኔ ስለካ እርሳቸው የየዕቃውን ታሪክ ነገሩኝ። ከዱካው አንዱ እግር ሥር የቆርቆሮ ቁራጭ የተደረገው ለምን እንደ ሆነ ያወቅሁት በዚያ ቀን ነው፤ ወለሉ ወደ በሩ ያዘነብል ነበር።

ሠ. አሠራሩ

መሥራት ለምትፈልጉ፣ በሁለተኛው ጊዜ የተከተልሁት ቅደም ተከተል እንዲህ ነው፦

1. አስቀድማችሁ የምታውቁትን አንድ ክፍል ምረጡ። ሙሉ ቤት ለጀማሪ ይበዛል። ክፍሉንና ዕቃውን ሁሉ ለክታችሁ ጻፉ፤ እያንዳንዱንም ቁጥር ለ12 አካፍሉ። 36 ሴንቲ ሜትር የሆነው ዱካ 3፣ 60 የሆነው መሶብ 5፣ 24 የሆነው ጀበና 2 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ 6 ሴንቲ ሜትር የሆነው ሲኒ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው።

2. ካርቶኑን በብረት ማስመሪያ እየተመራችሁ ቁረጡ። በአንድ ጊዜ ተጭኖ መቁረጥ ጠርዙን ያበላሻል፤ ጣትም ያቆስላል። ምላጩን በቀስታ አምስት ስድስት ጊዜ መመላለስ ይሻላል። በርና መስኮት የሚወጡት ግድግዳው ከመቆሙ በፊት ነው። አምፖል የምታስገቡ ከሆነም ሽቦው መቅደም አለበት።

3. ኮላ ከመቀባታችሁ በፊት ሁሉን በደረቁ ገጣጥማችሁ እዩ። የተለጠፈ ነገር ሲላቀቅ ይቀደዳል።

4. ወለሉና ግድግዳው ሳያልቅ ዕቃ አታስገቡ። የአያቴ ግድግዳ በአሮጌ ጋዜጣ የተለበጠ ነበር። እውነተኛ ጋዜጣ ብለጥፍ ፊደሉ የሰው ጭንቅላት ሊያህል ሆነ! ስለዚህ በፎቶ ኮፒ ቤት ገጹን ሦስት ጊዜ በግማሽ፣ ከዚያም አንድ ጊዜ ወደ 67 በመቶ አስቀነስሁት፤ ይህ ከአንድ ለዐሥራ ሁለት ጋር ይገጥማል። አዲሱ ወረቀት እጅግ ስለ ነጣ ቀዝቃዛ ሻይ ቀባሁት።

5. ለዕቃው በእጅ ያለው ይበቃል። የአልጋው እግር ስቴኪኒ፣ የዱካው መቀመጫ በብርጭቆ ወረቀት የተፋቀ ስስ እንጨት፣ ጀበናው ሸክላ ጭቃ ነው። ለመሶቡ አክርማውን በጥፍር ሰንጥቄ እንደ ፀጉር አቀጠንሁት። ጨርቅ ግን ያስቸግራል፤ ቁመቱ እንጂ ውፍረቱ ስለማይቀንስ እንደ ሰሌን ይገተራል። መፍትሔው ብዙ ታጥቦ የሳሳ ነጠላ ፈልጎ፣ ስስ ሙጫ ነክሮ፣ ገና እርጥብ ሳለ እጥፋቱን በስፒል ማስያዝ ነው።

6. በመጨረሻ የአኗኗርን ምልክት አኑሩ። ሰው የሚኖርበት ቤት ሁሉ አዲስ አይደለም። ከምድጃው በላይ ያለው ግድግዳ ይጠቁራል፤ የደጃፉ መድረክ መካከሉ ይበላል፤ ዱካውም የቆርቆሮ ቁራጩን ይፈልጋል።

ረ. ማጠቃለያ

ሥራው ሁለት ወር ፈጀ። አያቴ ሊዛወሩ አንድ ሳምንት ሲቀራቸው ካርቶኑን ፊታቸው አኖርሁት። በዚህ ጊዜ የማን ቤት እንደ ሆነ አልጠየቁኝም። ዱካዋን በጣታቸው ጫፍ ነኩ። መስኮቷን ከፈቱ፣ ዘጉ። ብዙ ቆይተው፦

«ምስማሩስ?» አሉኝ።

«የትኛው ምስማር እማማ?»

«ከበሩ በስተግራ ያለው ነዋ!»

ደብተሬን ገለጥሁ። በእርግጥም ጽፌው ነበር፤ ነገር ግን ምንም ያልተሰቀለበት ስለሆነ አያስፈልግም ብዬ ትቼዋለሁ። «አያትህ ካፖርታቸውን ይሰቅሉበት ነበር። ካረፉ ወዲህ ምንም አልሰቀልሁበትም» አሉኝ። አያቴን እኔ አላውቃቸውም፤ የሞቱት ሳልወለድ ነው። ያን ባዶ ምስማር ግን በየጊዜው ሳየው ኖሬአለሁ።

ወዲያው ስፒል ቆርጬ ከበሩ በስተግራ ተከልሁት። ከግድግዳው የሚወጣው ግማሽ ሴንቲ ሜትር ነው። ዛሬ ያቺ ቤት የለችም። ካርቶኑ በአጎቴ ቤት ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ተቀምጧል። እንግዳ መጥቶ ስለ እርሱ ሲጠይቅ፣ አያቴ ታሪኩን የሚጀምሩት ከምስማሩ ነው።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? ትንሽ ቤት የሚሠራ ሰው የትኛው ነገር ከንቱ፣ የትኛው ጠቃሚ እንደ ሆነ ቸኩሎ ሊፈርድ አይገባውም። ወይዘሮ ሊ ፖሊሶቹን ያስተማሩት ይህንኑ ነው። እኛም በየቀኑ የምንገባባቸው ቤቶች፣ የምንቀመጥባቸው በርጩማዎች፣ አጠገባችን የሚያረጁ ወላጆች አሉን። ሳይፈርስ ማየት፣ ሳያልፍ መጠየቅ ይገባናል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ያማረው ሶፋ ለምን ክፍሉን ሐሰት አደረገው?
2. የሚሠለጥኑት ሰዎች ምንም ሳይነኩ 90 ደቂቃ እንዲመለከቱ መደረጉ ምን ይጠቅማል?
3. አሁን ዓይናችሁን ጨፍናችሁ የቤታችሁን ዋና ክፍል በሐሳባችሁ ሣሉ። በግድግዳው ላይ ስንት ምስማር አለ? ቤት ስትደርሱ ቁጠሩና በሚቀጥለው ስብሰባ ተነጋገሩበት።