ስንዝሩ ቆሮሶ ክንድ ሲሆን

 

መተማ አካባቢ ያደገ ያውቀዋል። በጋው ሲጠና ሽንፋ መፍሰሱን ያቆምና ውሃው እዚህም እዚያም ኩሬ ሆኖ ይቀራል። ዓሣውም እዚያው ይታገታል። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት፣ ከ74,000 ዓመት ገደማ በፊት በሽንፋ ዳር የኖሩ ሰዎች ድርቁ ሲበረታ ዓሣ አብዝተው ይበሉ እንደነበር ይናገራል። ተመራማሪዎቹ ይህን ያወቁት ከአፈር ያወጡትን አጥንት ቆጥረው ነው።

የእኛ ዓሣ ግን የሚቆጠረው ማታ ሻይ ላይ ነው። ስንዝር የነበረው ቆሮሶ ክንድ ያክላል፣ አራቱ አሥራ አራት ይሆናሉ፣ ትልቁ ደግሞ ሁልጊዜ "አመለጠኝ" ነው። አሁን ስልክ ተጨምሮበታል፦ ዓሣውን ወደ ካሜራው ዘርግተህ አንተ ወደ ኋላ ስትሸሽ ትንሹ አምባዛ ጥጃ ይመስላል።

"ቀልድ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፣ ማን ተጎዳ?" እንላለን። እኔም እል ነበር። ነገር ግን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሰዎችን ለማሳቅ ብሎ የሚዋሽን ሰው "ወዮለት" ማለታቸውን፣ ያውም ደጋግመው፣ አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበዋል። ያልተሰጠውን እንደተሰጠው አድርጎ የሚታይን ሰው ደግሞ ሁለት የሐሰት ልብስ ከለበሰ ጋር ማመሳሰላቸው ቡኻሪና ሙስሊም ዘንድ አለ። ይህን ሐዲስ ስሰማ ያ ፎቶ ትዝ ይለኛል።

ታዲያ ዲናችን ሳቅን ከለከለ? በፍጹም። አንድ ሰው የሚጫንበት እንስሳ ሊጠይቃቸው ቢመጣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የግመል ልጅ እንደሚሰጡት ነገሩት። ሰውዬው ግልገል መስሎት "ምን ያደርግልኛል?" አለ። እሳቸውም ግመልን ከግመል ሌላ ማን ይወልደዋል አሉት። ቀለዱ፣ ግን አንድም ቃል አልዋሹም።

የሚያስፈራኝ ወሬው ላይ "ወላሂ" ሲጨመርበት ነው። የአላህ ስም ለአንድ አምባዛ! ደግሞም መተማ የሰሊጥ አገር ነው። ድርድሩ ብዙ ጊዜ በቃል ነው፣ ሻጩም ገዢውም ይምላል። ሱረቱል ሙጠፊፊን በስፍርና በሚዛን የሚያጎድሉትን ምን ያህል እንደምታስጠነቅቅ ታውቃላችሁ። ወንዝ ዳር አሥሩን ዓሣ ሠላሳ ነው ብሎ የማለ ልጅ፣ ኅዳር ላይ ሰሊጡን ይዞ ሲመጣ ያው ምላሱ ነው። የሚገዛውም ሰው ያን ማታ አብሮት ሻይ የጠጣው ነው። ስቆ ነበር፣ ግን ሰምቷል።

ዛሬ ከሰላት በኋላ ወደ ወንዝ የምትወርዱ ካላችሁ፣ ማታ "ስንት ያዛችሁ?" ሲሏችሁ "ሁለት፣ ያውም ትንንሽ" በሉ እስቲ። ከማንም በላይ የሚሳቀው በእናንተ ይሆናል።

ወላሁ አዕለም።