ስምን ሸሽጎ መጻፍ፦ ጥቅሙና ጉዳቱ

አምቡሊም ሆነ ዓሊ አዴና ሆልሆል የምትኖሩ ወገኖቻችን ብዙዎቻችሁ በእጅ ስልክ ፌስቡክና ቴሌግራም ትጠቀማላችሁ። በእነዚህ ላይ በውሸት ስም ወይም ያለ ስም መጻፍ የተለመደ ነው። ነገሩ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። ነገሥታቱ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ ነበር ይባላል፤ ባለቤቱ የማይታወቅ ግጥም ደፋር ነውና።

ለስደተኛ ጥቅሙ ግልጽ ነው። እዚህ በተጻፈ ቃል አገር ቤት የቀሩ ወላጆች ሊጠየቁ ይችላሉ። ስም ሲገለጥ የሚመጣውን ጋዜጠኛ አርጋው አሽኔ አይቶታል። እ.ኤ.አ. በ2011 ዊኪሊክስ የአሜሪካ ኤምባሲን የምሥጢር መልእክቶች ስም ሳይሸፍን ሲያወጣ የእርሱም ስም በውስጡ ነበር። ባለሥልጣናትና ፖሊስ ወሬውን ማን እንደ ነገረው ስለጠየቁት አገር ጥሎ ተሰደደ።

ጉዳቱ ግን የከፋ ሊሆን ይችላል። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር የነበሩት መዓረግ አማረ ትግራዋይ ነበሩ። በጥቅምት 2021 ጻፊዎቹ ማን እንደሆኑ ያልገለጹ የፌስቡክ ገጾች ስማቸውንና ፎቶግራፋቸውን እያወጡ ወነጀሏቸው። ኅዳር 3 ቀን 2021 (በፈረንጆች አቆጣጠር) በቤታቸው ደጃፍ ተገደሉ። ልጃቸው በታኅሣሥ 2022 ኩባንያውን ናይሮቢ ላይ ከሰሰ፤ የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በሚያዝያ 2025 ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን እንዳለው ወስኗል። ጻፊው ስሙን ሸሸገ፤ የሟቹ ስም ግን አደባባይ ወጣ።

ደግሞም መደበቁ ብዙዎች እንደሚያስቡት ሙሉ አይደለም። ሲም ካርዱ በስምዎ ከተመዘገበ የስልክ ኩባንያው ያውቅዎታል። ከፎቶግራፍ ጀርባ የሚታይ በር ወይም መስጊድ ሰፈርዎን ይናገራል። በቴሌግራም ቁጥርን መሸሸግ ይቻላል፤ በምሥጢር አጠባበቅ ክፍሉ «የስልክ ቁጥር» በሚለው ላይ «ማንም» የሚለውን መምረጥ ነው።

በመጨረሻም ስም የለሽ ሰዎች «ካናዳ እናስልክዎ» እያሉ ገንዘብ የሚጠይቁት ነገር አለ። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን አገልግሎት ሁሉ፣ ወደ ሦስተኛ አገር ማስፈርም ጭምር፣ በነፃ ነው። ገንዘብ የጠየቀ ሰው ካለ ለኮሚሽኑ ያመልክቱ፤ ስምዎን ሳይሰጡ ማመልከትም ይችላሉ።